ግማሽ ነጠላ

«ብሎኑ እንቢ አለኝ» አለች ያምሮት፣ ፒንሳውን አስቀምጣ መዳፏን እያሻሸች።

«ላምባ ጨምሪበትና ስደቢው» አለቻት ሙስሊማ። «አባቴ የሱቁን ቁልፍ የሚከፍተው እንደዚያ ነው።»

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው አሮጌ የሙዚቃ ድራም እየፈቱ ነበር። ድራሙ መንግሥት ከተለወጠ ጀምሮ በተሰባበሩ ወንበሮች ሥር ተቀብሮ የኖረ ነው። ለወላጆች ቀን ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ያቀርባል ሲባል፣ «እኔ እመታዋለሁ» ያለችው ያምሮት ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈተጉት። የተቀደደውን ትንሹን ከበሮ ጅጋ ከተማ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሠሪ የጥጃ ቆዳ ወጥረው ለጎሙላቸው። የቀረው በእግር የሚመታው ትልቁ ብቻ ነበር።

የማን እንደነበረ ግን ሊያውቁ አልቻሉም። የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ጋሽ ባምላኩን ጠይቀው ነበር። ጋሽ ባምላኩ በደርግ ጊዜ በከተማው የኪነት ቡድን ጥሩምባ ይነፉ ነበር፤ ስለ አንድ ምስማር ቢጠየቁ ከአንጥረኛው አያት የሚጀምሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን «ከማርቆስ የመጣ ነው» ብለው ዝም አሉ።

ያምሮት ይህን ሁሉ የደከመችው ለወላጆች ቀን ብላ ብቻ አይደለም። አባቷ ክንፈሚካኤል የዚያው የኪነት ቡድን ድራም መቺ ነበር። ለወታደሮች ሊጫወት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ እሷ ገና በማሕፀን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። መርዶ አልመጣም፤ ተዝካርም አልወጣለትም። እናቷ ንግሥቴ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሸሚዙን ከሣጥን አውጥታ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። «ክንፈ ከድራሙ አይለይም» ትላለች። «ድራሙ ያለበት እሱም አለ።»

ስለ ድራሙ የምታወራው አንድ ጨዋታም አላት። ክንፈ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ጎረቤት አላስተኛ ቢል፣ አዲሱን ነጠላዋን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ድምፁን እንዲያፍን ትልቁ ከበሮ ውስጥ ወተፈው። «ግማሹን እኔ ለበስኩት፣ ግማሹን ከበሮው» እያለች ትስቃለች።

ብሎኑ በመጨረሻ እጅ ሰጠ። ያምሮት ቆዳውን ወጥሮ የያዘውን ክብ አውጥታ ቆዳውን አነሳችው። ውስጡ አይጥ የበላው፣ አቧራ ያጠገበው ጨርቅ ነበር። አራገፈችው። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ላይ ሸማኔው ተሳስቶ ያስገባት አንዲት ቢጫ ክር አለች። ይቺን ክር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእናቷ ግማሽ ላይ በጣቷ እየተከተለች አድጋለች።

«የእናንተ ነው!» ሙስሊማ ዘላ ተነሣች። «የአባትሽ ድራም ነው! አሪፍ እኮ ነው፣ ያምሮት!»

ያምሮት አልተነሣችም። ከድራሙ አይለይም። ድራሙ ይኸው። ሙስሊማም ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሽ ባምላኩ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ መጡና ጨርቁን ሲያዩ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ከማርቆስ ነው ብለውኝ ነበር» አለች ያምሮት።

«ዋሸሁሽ፣ ልጄ።»

«አባቴ የት ነው?»

«ጥር ላይ የተሳፈርንበት መኪና ተመታ። አባትሽን እዚያው ቀበርነው። ድራሙን ይዤ ስመለስ እናትሽ አንቺን ወልዳ አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ‹ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ሰማንያ ቀን እንቆይ› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ሰማንያው ሳይሞላ መንግሥት ተለወጠ፤ ድራሙን እዚህ ደበቅነው፣ ሁላችንም ተበታተንን። በሁለተኛው ዓመት ስመለስ እናትሽ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ‹ክንፈን ወዴት ጣላችሁት?› አለችኝ፣ እየሳቀች። አፌ ተያዘ። ቀኑ በራቀ ቁጥር ደግሞ ነገሩ እየከበደኝ ሄደ።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ዝም አሉ!» ያምሮት ጮኸች። ከዚያ ፊቷን በነጠላው ሸፍና አለቀሰች። የአባቷን ጠረን ፈልጋ ነበር፤ የሸተታት አይጥና አቧራ ብቻ ነው።

ሙስሊማ ትከሻዋን አቀፈቻት። «ለጊዜው መልሰሽ ክተቺው» አለቻት በሹክሹክታ። «ከእኛ በቀር ማንም አላየም። የወላጆች ቀን ይለፍና ትነግሪያታለሽ።»

ያምሮት እንባዋን ጠርጋ ነጠላውን አጣጠፈችና መለሰችው። አንዱን ብሎን አጠበቀች፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ስታነሣ ‹እንቆይ› የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ መጣባት። ብሎኑን አስቀመጠችው።

«ጋሽ ባምላኩ፣ ነገ ሲነጋጋ ከሽማግሌዎች ጋር ይምጡ።»

«እናትሽ ትችለዋለች፣ ልጄ?»

«አላውቅም። አራስ ግን አይደለችም።»

ቤት ስትደርስ ንግሥቴ ማበጠሪያና ቅቤ አዘጋጅታ በርጩማው ላይ ትጠብቃት ነበር። «ነይ ልሥራሽ። ለወላጆች ቀን ሹሩባ ብለሽ ስትነዘንዢኝ አልነበር?»

«ዛሬ ይቅር፣ እማዬ። እኔ ላበጥርሽ።»

«ምን ነክቶሻል ዛሬ?» ብላ ሳቀች፤ ሻሿን ግን ፈታች።

ጎረቤታቸው እህተ ማርያም ባሏ የሞተ ዕለት ፀጉሯን ተላጭታ ያምሮት አይታለች። የእናቷ ፀጉር እስከ ወገቧ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ቀስ እያለች አበጠረችው። ሲያልቅ እንደገና ጀመረች።

«ድራማችሁ ተጠገነ?» አለች ንግሥቴ ዓይኗን ጨፍና።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ጨርቅ ክተቱበት እንግዲህ። አለዚያ ይጮኻል።»

ያምሮት ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ቅቤውን በመዳፏ አሟሙታ የእናቷን ፀጉር ከሥሩ ቀባችው።

እራት በልተው ሲያበቁ ንግሥቴ አልጋዋን እያነጠፈች «በሩን ቀርቅሪው» አለቻት። ያምሮት በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። መቀርቀሪያውን ግን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ተወችው።