ዛሬም ባዶ የሆነው ሎግ

«ፈርሚ» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ባንተአምላክ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ወደ ሳብሪያ እየገፉ። «የይቅርታ ደብዳቤ ነው። ከፈረምሽ ሰኞ ፈተናሽን ትወስጃለሽ፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል።»

ሳብሪያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን የሴሚስተር ተከታታይ ምዘና ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሲስተም ላይ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች፣ በመጸጸትም ይቅርታ እንደምትጠይቅ ይላል። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ውጤት መሰረዝ የምትችሉት ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ መምህር የኔሰውና አንቺ። ማክሰኞ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ አንቺ ዘንድ ነበር። ማን ምን እንደነካ የሚመዘግበው ሎግ ደግሞ ትናንትም ዛሬም ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን ያጠፋው ሰው ዱካውንም አጥፍቷል ማለት ነው። ይኼን የሚችል ስንት ተማሪ አለ ሞጣ ላይ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በሰልፍ ላይ ያስጨበጨቡላት ጉብዝና ዛሬ ወንጀል ሆኖ መጣባት። ውጤቶቹን ወደ ሲስተሙ ያስገባችው እሷ ነበረች፤ የቅዳሜና እሑድ ዕረፍቷን ሰውታ፣ ያለ ምንም ክፍያ።

«ቁልፉን አሥር ሰዓት ላይ ለቲቸር መልሻለሁ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። መምህር የኔሰው እዚያ ቆመው ወደ ሜዳው ያያሉ። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ቲቸር፣ ያስታውሳሉ አይደል?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዓቱን በትክክል አላስታውሰውም» አሉ።

«ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነዪ» አሉ አቶ ባንተአምላክ።

ውጭ ጓደኛዋ ፀሐይነሽ ደብተሯን አቅፋ ትጠብቃት ነበር። የአሥረኛ ክፍል ልጆች በቡድን ቆመው ሲያልፉ ያዩዋታል። አንዱ «ውጤታችንን የበላችው እሷ ናት» አለ፣ እንድትሰማው አድርጎ። ከላይ፣ በመስኮቱ፣ መምህር የኔሰው አሁንም ቆመዋል።

«በቃ ፈርሚና ተገላገይ» አለቻት ፀሐይነሽ። «አታካብጂው። በሳምንቱ ይረሳል።»

«ስሜ ነው እኮ የሚጻፈው።»

«ፈተናው ይበልጣል ወይስ ስምሽ?»

ሳብሪያ ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመረች። ብትናገር እንደምታለቅስ ታውቀዋለች፤ ማልቀሷን ደግሞ ጥፋቷን እንዳመነች አድርገው ያዩታል።

አባቷን አቶ ከማሉዲንን ሱቃቸው ውስጥ የጨርቅ ጣቃ እየጠቀለሉ አገኘቻቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት። አባቷ ከሰው መጣላት የማይወዱ፣ ለደንበኛም ለጎረቤትም ቃላቸውን የሚያለሰልሱ ሰው ናቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አሉ። «ለጊዜው ፈርሚላቸውና...»

«ፈተናው ሰኞ ነው፣ አባ። እስኪነጋ የሚጠብቀኝ የለም።»

«እንግዲያ ሎጉ ለምን ባዶ ሆነ?»

ያን ጊዜ ነው ከትናንት ጀምሮ ውስጧን ሲበላት የነበረው ነገር ጥርት ብሎ የወጣላት። «እሱን ነው ማንም ያልጠየቀኝ! እነሱ እንደሚሉት ማክሰኞ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ረቡዕ መምህራኑ ሲስተሙን ሲጠቀሙ እንደገና ይሞላ ነበር። ዛሬም እየተጠቀሙበት ነው። ዛሬም ባዶ ነው። ሎጉ አልጠፋም፣ አባ። ከመጀመሪያውም አልተጻፈም።»

አቶ ከማሉዲን ጣቃውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና ሱቁን ለወንድማቸው አደራ ሰጥተው ኮታቸውን ፈለጉ። «ለነገ ምን አስቀጠረን? አሁኑኑ እንሂድ» አሉ።

አቶ ባንተአምላክ ቢሮ ሲገቡ አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ጌታው፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ግቢ አውቃለሁ። ማክሰኞ የተጠረገ ግቢ ሰው እየተመላለሰበት ሐሙስም ኮቴ ካልታየበት፣ ጠራጊዋን አይደለም መጠየቅ፤ መሬቱን ነው። ልጄ መሬቱን ትየው።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ የይቅርታ ደብዳቤውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በመጨረሻም ነገ ዓርብ ጠዋት፣ መምህር የኔሰው አጠገቧ ተቀምጠው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንድትሞክር ፈቀዱ። ካላገኘች ትፈርማለች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች። ሰርቨር ተባለ እንጂ ሽፋኑ የወለቀ፣ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የውጤት ፕሮግራሙ የሚሠራው እሱ ላይ ነው። ሎጉም ያው የፕሮግራሙ የዕለት መዝገብ ነው፤ የገባው ሰው ስምና የሠራው ሥራ ከነሰዓቱ የሚጻፍበት።

መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየች። ሰፊ ቦታ አለው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሎጉ ያለበት ፎልደር ውስጥ መጻፍ ተከልክሎ እንደሆነ ሞከረች። አልተከለከለም። ሎጉ ስህተት ሲፈጠር ብቻ እንዲጽፍ ታዝዞ ይሆናል ብላ ሁሉንም ነገር እንዲጽፍ አዘዘችው። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳች። ገባች፣ ወጣች፣ የአንድ ተማሪ ገጽ ከፈተች። ሎጉ ዜሮ ነው።

መምህር የኔሰው ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን ከአፏ ላይ ይነጥቋት ነበር።

ሰዓቱ ከአራት አለፈ። ደግማ አስነሳችው። ደግሞ ዜሮ። «እየሠራ እንዴት አይጽፍም?» አለች ለራሷ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ጥላ። «ለማን ነው የሚነግረው?»

«ሲነሳ የሚለውን አንብቢ» አሉ መምህሩ። «ሁላችሁም መጨረሻውን ብቻ ነው የምታነቡት።»

ድምፃቸው የክፍል ድምፃቸው ነበር፤ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ሳብሪያ ዘወር ብላ አየቻቸው። እሳቸው ግን ጣቶቻቸውን እያዩ ነበር።

ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያወጣውን ጽሑፍ ወደ ላይ መለሰችው። አራተኛው መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሁለት ሎግ ጸሐፊዎች፣ ማለትም መዝገቡን የሚጽፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እንደተገኙና ፕሮግራሙ አንዱን እንደመረጠ ይናገራል። ሁለተኛው ከየት መጣ? ስትከታተለው በታኅሣሥ ወር የውጤት ካርድ ለማተም ከተጫነው ተጨማሪ ፕሮግራም ጋር አብሮ የገባ ሆኖ አገኘችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲስተሙ የድሮውን ጸሐፊ ትቶ ለአዲሱ ነበር የሚናገረው። አዲሱም የሰማውን ሁሉ የካርድ ማተሚያው ፎልደር ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሲጽፍ ከርሟል። ፋይሉ ሠላሳ ስምንት ሜጋባይት ሆኗል።

ከፈተችውና ማክሰኞን ፈለገች።

አሥር ሰዓት ከአርባ ሁለት። ተጠቃሚ፦ የኔሰው። ሰርዝ፦ አሥረኛ ክፍል፣ ሁሉም።

አሥር ሰዓት ከአርባ አራት። ተጠቃሚ፦ የኔሰው። የተሰረዘውን መልስ፦ አልተቻለም። ከሥሩም ይኸው መስመር ሁለት ጊዜ ተደግሟል።

ሳብሪያ ከስክሪኑ ወደ መምህሩ ዞረች።

«የሙከራ ክፍሉን የሰረዝኩ መስሎኝ ነው» አሉ መምህር የኔሰው። «ሎጉን ስከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አንቺ ትጠየቂያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሲጠይቁሽ ደግሞ...» ዓይናቸውን ከስክሪኑ አነሡ። «ወደ ቢቸና የዝውውር ጥያቄዬ ሊጸድቅ ነው። ሦስት ዓመት ነው የጠበቅሁት። አሁን የጥፋት ወረቀት ማህደሬ ውስጥ ከገባ አለቀልኝ። ልጄ ስድስት ወር ሞላት፤ ዓርብ ዓርብ ቢቸና ቤቴ ስሄድ ስታየኝ ታለቅሳለች፣ አታውቀኝም።»

ሳብሪያ በየዓርቡ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ መናኸሪያ ሲሮጡ ታያቸዋለች።

«መብራት ሲቆራረጥ ሲስተሙ ተበላሸ እላለሁ» አሉ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው። «አንቺም ነፃ ትወጫለሽ። ማንም አይጎዳም።»

ማንም። ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካባት።

«እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ቲቸር?» አለች። «ትናንት ግቢው ውስጥ ሲሰድቡኝ በመስኮት ያዩኝ ነበር። ስለ ቁልፉ የጠየቅሁዎትም በስህተት ስለሰረዙት አልነበረም። ሰዓቱን ብቻ ነው የጠየቅሁዎት። ሰዓቱን ያውቁት ነበር።»

መምህሩ ወንበራቸውን መልሰው አራቁ።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ቀጥሎ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሥራዋን ጨረሰች፤ ትርፉን ጸሐፊ አወጣች፣ ሰርቨሩን አስነሳች፣ ለወራት ባዶ የነበረው ሎግ መስመር በመስመር መሞላት ሲጀምር አየች። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ትዘል ነበር።

«አምስት ሰዓት ተኩል ነው» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ለእኔ የተሰጠኝ ጊዜ እስከ ስድስት ነው። ለእርስዎም ያው ነው። ቀድመው ሄደው ራስዎ ቢነግሯቸው እኔ የምጨምረው ቃል የለም።»

የአስተዳደር ሕንጻው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አባቷ ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። ፀሐይነሽ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና ምንም ሳትጠይቅ ቆሎዋን አካፈለቻት። የኮምፒውተር ክፍሉ በር አልተከፈተም። ሳብሪያ በሩን እያየች ይከፈት ዘንድ ከልቧ ተመኘች፤ ከዚህ በፊት ለማንም እንዲህ ተመኝታ አታውቅም። የስድስት ሰዓት ደወል ተደወለ። በሩ እንደተዘጋ ነው።

ተነሥታ ገባች። አቶ ባንተአምላክ እስክሪብቶ ዘረጉላት። እሷ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሎጉ ተገኝቷል። የማክሰኞው ሁሉ አለበት።»

«ማን ነው?» አሉ ፍላሹን አንሥተው።

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሌሎች የእሷን ስም እንደጠሩት፣ በአንድ ትንፋሽ ልትጠራው ትችላለች።

«መምህር የኔሰውን ያስጠሩልኝ» አለች። «እኔ አላነበውም። እሳቸው ያንብቡልን።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ተላላኪዋን ጠርተው ላኩ፤ ለሳብሪያም ወንበር አሳዩዋት።

እግር ኮሪደሩ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ ተሰማ። በሩ ሲከፈት ጉልበቷ በልማድ ብድግ ሊል ቃጣው፤ መምህር ሲገባ ተማሪ ይነሣልና። ሳብሪያ ወንበሩን ያዘችና ተቀምጣ ቀረች።