ግራ እጁ የተሰበረው መምህር

ጣቢታ ኤሊያስን መጀመሪያ ያየችው እጁን ሲያነሳ ነው። ያውም የተሳሳተውን እጅ!

ኅዳር 1970 ነበር። ከጃጁራ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቀበሌ ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ለስብሰባ ተጠርቷል። «ተጠርቷል» ስል በደግ ቋንቋ ነው፤ ያልመጣ ሰው ቤቱ ድረስ ጠመንጃ ይላክበት ነበር። ጣቢታ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆናለች። እሷም ወዳ አይደለም፤ ጉድ ያደረጋት የእጅ ጽሑፏ ማማሩ ነው።

ሊቀመንበሩ ተገኘ መፈክር አሰማ። ሕዝቡ እንደ ወጉ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። ከመምህራኑ መሃል ግን አንድ ረጅም ወጣት ቀኝ እጁን ብቻውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። ግራ እጁ በነጭ ጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሰብሮት ነው።

ጣቢታ አየችው። እሱም አያት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል በገዛ እጁ አፍሮ ፈገግ አለ። እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ልቧም ድንግጥ አለ።

«ማነው ያ?» አለ ተገኘ።

«አዲሱ የሳይንስ መምህር ነው። ኤሊያስ ይባላል፤ የዱራሜ ልጅ ነው» አለ ከጎኑ የቆመ ሰው።

«ጻፊ! በቀኝ እጁ መፈክር በማሰማት በአብዮቱ ላይ አላግጧል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግራ እጁ እኮ ተሰብሯል...»

«ጻፊ አልኩሽ!»

ጻፈች። ከሥሩ ግን ማንም ሳያዛት «ግራ እጁ የተሰበረ በመሆኑ ነው» ብላ ጨመረች። ተገኘ በማግስቱ ሲያነበው ያቺን መስመር ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት።

«በእጅ ምክንያት ሰው ይሞታል እንዴ?» እንዳትሉ። የጣቢታ ጎረቤት የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ለማ ከወር በፊት በተገኘ ትእዛዝ የተገደለው ኪሱ ውስጥ በተገኘች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። ሬሳው ገበያው ዳር ሲጣል እናቱ እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። «ለፀረ አብዮት ማልቀስ ራሱ ፀረ አብዮትነት ነው!» ተባለ። ወይዘሮ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብለው ሰው አላዩም።

ጣቢታ መንገዷን በትምህርት ቤቱ በኩል አደረገች። የሚቀርባት ግን በሌላው መንገድ ነበር! እናንተም ገብቷችኋል፣ ለምን እንደሆነ። ኤሊያስን ግን ባልደረቦቹ «የጻፈችህ እኮ እሷ ናት» ብለውታል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር።»

«ይስጥልኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፊብኝ ነው?»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «የጻፍኩትን አይተኸዋል?»

«ስሜ እንዳለበት አውቃለሁ። ይበቃኛል።»

ትቷት ሄደ። እሷም ኩራተኛ ናት፤ ተከትላው አላስረዳችም። ቤቷ ገብታ ግን ትራሷ እስኪርስ አለቀሰች። እሱም ቢሆን ስታልፍ ከክፍሉ መስኮት ማየቱን አልተወም። እያኮረፈ ያያታል፤ እያያት ያኮርፋል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ተገኘ ቢሮው ገባና አራት የአብዮት ጥበቃዎችን ጠራ።

«መምህሩን ከክፍል አውጥታችሁ ታመጡታላችሁ። ዛሬ እርምጃ ይወሰድበታል።»

ጣቢታ ከቃለ ጉባኤው መዝገብ አንዱን ገጽ ቀስ ብላ ገነጠለችና «ውሃ ልጠጣ» ብላ ወጣች። ከአጥሩ ስትርቅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች።

አርባ ተማሪዎች ፊት የክፍሉን በር በረገደችው።

«ኤሊያስ፣ ከእኔ ጋር ውጣ! ሊገድሉህ እየመጡ ነው!»

ጠመኔውን እንደያዘ አፈጠጠባት። «ካንቺ ጋር? ወስደሽ ለተገኘ ልታስረክቢኝ?»

ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችው። «አንብብ! የተሰረዘውን አንብብ!»

አነበበ። ዓይኑ ከቀዩ መስመር አልነቀል አለ።

«ይኼን... አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ! ስለምወድህ... ኧረ ሩጥ!»

«ምን አልሽ?»

«ሩጥ አልኩህ!»

በጓሮ ወጡ። ወደ ዋናው መንገድ ቢሄዱ ይታያሉ፤ ወደ እሷ ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ያን ጊዜ ከአንድ የእንሰት ጓሮ የሴቶች ድምፅ ሰማችና እጁን ይዛ ወደዚያው ሳበችው።

እንሰት የሚፋቅበት ቦታ የሴቶች ነው። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንሰቱ የሚፋቅበት ሳንቃ ፊት ተቀምጠው ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም። አባወራው እንኳ ከሩቅ ተጣርቶ ይመለሳል። የዚያን ቀን አሥራ ሁለት ሴቶች ተሰብስበው ነበር። ጓሮው ደግሞ የማን ነው? የሊቀመንበሩ የተገኘ እናት፣ የእማማ ገነቴ!

«ወንድ! ኧረ ወንድ ገባ!» ሴቶቹ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተንጫጩ።

«ጣቢታ፣ ምን ነካሽ?» አሉ እማማ ገነቴ።

«እማማ... ልጅዎ ሊገድለው ነው።»

እማማ ገነቴ የኤሊያስን የታሰረ እጅ አዩ፤ ፊቱንም አዩ። ከዚያ የተፋቀው እንሰት ቆጮ እንዲሆን የሚቀበርበትን፣ የኮባ ቅጠል የተነጠፈበትን ጉድጓድ አሳዩት።

«ግባ፣ ልጄ።»

ገባ። ሴቶቹ በላዩ ላይ ኮባ ደራረቡበት። ጣቢታም መፋቂያ ተቀብላ መሃላቸው ተቀመጠች።

ወዲያው ተገኘ ዱካቸውን ተከትሎ ከአራቱ ጥበቃዎች ጋር ደረሰ። ጥበቃዎቹ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ፊታቸውን አዞሩ። አራቱም የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱ እናቶች እዚያው እየፋቁ ነበር።

«ግቡ እንጂ!»

«ጓድ፣ እንሰት እየተፋቀ ነው...»

«ይኼ የአድኃሪያን ልማድ ነው! አብዮቱ ሽሮታል!»

«እንግዲያው አንተ ግባ» አለ አንደኛው፣ ቀስ ብሎ።

ተገኘ ሽጉጡን መዞ አንድ እርምጃ ገባ። እማማ ገነቴ ተነሱና ፊቱ ቆሙ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በፋቁት እንሰት ነጥቷል።

«ተገኘ፣ የምታልፍ ከሆነ እናት የለኝም ብለህ እለፍ።»

«እማዬ፣ አትግቢበት! ሰውየውን አውጡ! አለበለዚያ አንዳችሁም...»

አልጨረሰውም። ከሴቶቹ መሃል አንድ ድምፅ ወጣ።

«ለማዬ...! ለማ! ልጄ!»

ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። ሁለት ወር ገደማ ያፈኑት ለቅሶ ወጣ! ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። ጎናቸው ያለችው ሴት ተቀበለቻቸው፤ ሦስተኛዋም ቀጠለች። ጣቢታም መፋቂያዋን ጥላ አብራ ጮኸች። ጩኸቱ ገበያው ድረስ ተሰማና ሰው ሥራውን እየጣለ መጣ። ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ለለማ ሊለቀስለት የሚገባው ለቅሶ፣ ያውም በቀን፣ ያውም በገዳዩ ፊት ተለቀሰለት!

አራቱ ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ተገኘ ብቻውን ቀረ። ማን ላይ ይተኩስ? መጀመሪያ ከፊቱ የቆሙት እናቱ ናቸው። ሽጉጡን መልሶ ከተተ፤ ሕዝቡን እየገፋ ወጣ፤ ዞሮም አላየም።

ኤሊያስ ከጉድጓዱ ሲወጣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ እንሰት እንሰት ይሸት ነበር። ጣቢታ እያለቀሰች ሳቀችበት። ያኑ ቀን በአዲሎ ከተማ በኩል በሚያልፍ የጭነት መኪና ከአካባቢው አስወጡት። ጣቢታንም፣ እናቱን ፈርቶ፣ ተገኘ አልነካትም።

ከሦስት ወር በኋላ ተገኘ ሆሳዕና ከተማ ተጠርቶ ሄደና ራሳቸው በሾሙት ሰዎች ታሰረ። እማማ ገነቴ ስንቅ ያመላልሱለት ነበር፤ እናት ናቸውና ማንም አልወቀሳቸውም። ቀበሌው ግን ተነፈሰ።

ሚያዝያ ላይ ኤሊያስ ተመለሰ። በጓሮ አይደለም፤ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሁለቱም እጆቹ ደህና ሆነው! ከዱራሜ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ በቀጥታ ወደ ጣቢታ አባት ወደ አቶ ሽፈራው ቤት ሄደ።

አቶ ሽፈራው ሽማግሌዎቹን አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁን እናውቀዋለን። ግን ካቶሊክ ነው፤ እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጋቡት?»

«በየትኛውም ይሁን» አለ ኤሊያስ። «እሷ ባለችበት እኔ አለሁ። እወዳታለሁ አባባ! እሷ በአርባ ተማሪ ፊት ነግራኛለች፤ እኔም በሦስት ሽማግሌ ፊት ልናገር።»

ሽማግሌዎቹ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሽፈራው ግን ገና አልጨረሱም።

«እሺ፣ ይሁን። ልጆቻችሁስ? በየትኛው ሊያድጉ ነው?»

ከመጋረጃው በስተጀርባ የጣቢታ ድምፅ መጣ።

«መጀመሪያ ይወለዱ እንጂ፣ አባዬ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሽፈራው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና «በቃ፣ ውሰዳት!» አሉ። ሳቁ ውጭ ድረስ ተሰማ፤ በዚያች ቀበሌ ሰው እንዲያ ጮክ ብሎ ሲስቅ ከተሰማ ዓመት አልፎ ነበር።