ሃያ አራት ወታደሮችና አንድ ካውያ

ወታደሩ ከወገቡ መጉበጥ ሲጀምር ልጅቱ አላየችውም። ቀለሙ ቶሎ ይድረቅልኝ ብላ ከጋለው ካውያ አጠገብ አቁማው፣ ፊቷን ወደ ሸሚዙ ቁልፍ መልሳ ነበር። ቀና ስትል፣ ቁመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጠው የፕላስቲክ ወታደር ጠመንጃውን እንደያዘ ለካውያው እጅ ነስቷል።

«ውይ» አለች፣ አንስታ እፍ እያለችበት።

ልብስ ሰፊው አባቷ ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሣ በመነጽሩ አናት አያት። «ምን ተቃጠለ? ሱሪ ነው?»

«ሱሪ አይደለም።»

«እንግዲያው ደህና» ብሎ ፔዳሉን ረገጠ።

ለእሷ ግን ደህና አልነበረም። ትምህርት ቤታቸው የጠረጴዛ ውጊያ የሚባል ክበብ አለ። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ከካርቶን የተሠራ ኮረብታ፣ ወንዝና ድልድይ ይዘረጋል፤ ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው ሃያ አራት ትንንሽ ወታደር ይዘው ይገጥማሉ። ወታደሮቹ ሲገዙ ግራጫ ናቸው። የክበቡ ኃላፊ የሆነው የሥዕል መምህር በሩ ላይ የለጠፋት ሕግ አለች፦ «ቀለም ያልለበሰ ጠረጴዛ አይረግጥም። የሚያለብሰውም ጌታው ራሱ ነው።» ያላሟላ ተራውን ለሚቀጥለው ይለቃል። እሷ ተራዋን ስትጠብቅ ሁለት ወር ሞልቷታል፤ ቀኑ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በሦስት ሳምንት የጨረሰችው ደግሞ አራት ወታደር ብቻ ነው።

ሰንፋ እንዳይመስላችሁ ልጆቼ። ጠዋት ትምህርት፣ ከትምህርት በቀጥታ አባቷ ሱቅ። የአርባ ተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ስለገባ ቁልፍ መትከሉ፣ ክር መልቀሙ፣ ካውያው ሁሉ የእሷ ነው። ቤት ሲገቡ የቤት ሥራ አለ። የራሷ የምትለው ጊዜ፣ ካውያው እስኪግል ያለችውና አባቷ ደንበኛ እስኪለካ ያለችው ቁራጭ ጊዜ ብቻ ናት። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ሰማያዊውን ከፍታ፣ ሱሪውን ቀብታ፣ ብሩሹን አጥባ፣ ቡናማውን ልትከፍት ስትል «ነይ እስኪ ይቺን ያዢልኝ» ትባላለች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ጓደኛዋ ቀጮ አንድ የጫማ ካርቶን ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ።

«ሜትር፣ ሞኝ አትሁኚ» አላት። ሜትር የሚሏት፣ አንድ ቀን የአባቷን የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ ረስታ ክፍል ስለገባች ነው። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ፤ አትወደውም። «የወንድሜ ናቸው። ሃያ ወታደር፣ ሁሉም ሰማያዊ። ሥራ ከያዘ ወዲህ ዞር ብሎ አላያቸውም።»

«ጌታው ራሱ ነው የሚቀባው ይላል እኮ።»

«ቲቸር መነጽሩን ካወለቀ እኔንና የመብራት ምሰሶውን አይለይም። ለነገሩ ልዩነታችንም ያን ያህል አይደለም።»

ሳቀች። ቀጮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ከማን ጋር እንደደረሰሽ ታውቂያለሽ? ከአዛዡ ጋር። ልጁ ከሰዓት በኋላ ከወታደሮቹ ጋር ነው የሚውለው። አራት ይዘሽ ልትቀርቢ ነው? ሼም ነው።»

እምቢ ማለት ነበረባት። አራት ብቻ ይዛ መቅረቡ ግን አሳፈራት፤ ካርቶኑን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሱቅ ስትደርስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስገባችው።

የዚያን ዕለት አባቷ ጎባጣውን ወታደር ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አነሣ። «ይኼ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»

ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ የካርቶኑን ብቻ አስቀረች። አባቷ ወንበሩን ሳበ። «እስኪ እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪኝ።»

አንድ ወታደር አንስታ ጀመረች። ሰማያዊ፣ ብሩሽ ማጠብ፤ ቡናማ፣ ብሩሽ ማጠብ። አባቷ በጣቱ እየቆጠረ አየ።

«ለአንድ ሰው ስድስት ጊዜ ብሩሽ ልታጥቢ ነው?»

«ስድስት ቀለም ነዋ።»

«ያንን ክምር እዪው። ስንት ያለቀ ሸሚዝ አለ?»

ክምሩን አየች። አንገት ያለው ኪስ የለውም፤ ኪስ ያለው እጅጌ የለውም። «አንድም።»

«የማስረክበው የሚመጣው ዓርብ ነው። ታዲያ ስጨነቅ አየሽኝ?» አላየችውም። «መርፌው አይደለም ጊዜ የሚበላው፣ የኔ እናት፤ ክር መቀያየሩ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ ክር የሚቀየረው አንዴ ነው። በነጩ የአርባውን አንገት፤ ነጩን አውርጄ በሰማያዊው የአርባውን ኪስ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ሱቄ ውስጥ የሚለበስ ነገር አታገኚም። በመጨረሻዋ ቀን ግን አርባው ባንድ ላይ ይነሣል።»

ይህን ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ልጅቱ ክሩ ያለቀባቸው ማጠንጠኛዎች የሚጠራቀሙበትን ቆርቆሮ ገለበጠች። ሃያ መረጠች። ክር በሚታሽበት ሰም እያንዳንዱን ወታደር ማጠንጠኛ ላይ አቆመች፤ አሁን ማጠንጠኛውን እንጂ ወታደሩን መንካት የለም። ጎባጣውንም አልጣለችውም።

ቅዳሜና እሑድ ሰማያዊ ብቻ። ካውያው እስኪግል አራት ሱሪ ትቀባለች፤ ካውያው ጋለ፣ ብሩሹን ታስቀምጣለች። ቁልፍ ስትተክል ቀለሙ ያለማንም ቁጣ ይደርቃል። ደንበኛ ገብቶ «ትንሽ ሰፋ አድርገህ ለካኝ፣ ሆዴ አይቆምም» ሲል፣ አራት ሱሪ ተጨመረ። ሰኞ ቡናማ፣ ማክሰኞ የፊትና የእጅ ቀለም።

ማክሰኞ ቀጮ ሱሪውን ለማሳጠር መጣና መደርደሪያው ፊት ደርቆ ቀረ። «ይኼ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ዓይን የለው፣ ጫማ የለው።»

«ገና ነው።»

«ሜትር፣ ሙድ አትያዥብኝ። ሃያ ግማሽ ሰው ቢደመር አንድ ሙሉ አይወጣውም። ካርቶኑ ለማንኛውም አለልሽ።»

እውነቱን ነው፤ በአራት ቀን አንድም አላለቀላትም። ካርቶኑ እዚያው ካለ፣ ዓርብ ሲጨንቃት እጇ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣችውና ሰጠችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች። «ውሰደው።»

ቀጮ ካርቶኑን አቅፎ ወጣ። የአባቷ የስፌት መኪና ድምፅ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

ረቡዕና ሐሙስ ሁለት ቀለም ተጨመረ፤ ዓርብ የቀረው ጥቁር ነበር፤ ጫማና ዓይን። አንድ ጫማ፣ ሁለት ነጥብ፤ አንድ ጫማ፣ ሁለት ነጥብ። የመጨረሻውን ነጥብ አሳርፋ ቀና ስትል፣ ጠዋት ሕዝብ ያልነበረው ሕዝብ ሃያ ሆኖ ቆሞ ያያታል። ከኋላዋ አባቷ አርባኛውን ሸሚዝ አጠፈ።

«ተነሡ?» አላት።

«ተነሡ።»

ቅዳሜ መምህሩ መነጽሩን አጥልቆ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ቀጮ ጥግ ላይ ቆሞ አብሮ ይቆጥራል።

«እነዚህ አራቱ ቅንድብ አላቸው። የሌሎቹስ?»

«ለቅንድብ ጊዜ አልበቃኝም።»

«ይኼ ጎባጣውስ?»

«ካውያ ነው። ቀለሙ ግን የኔ ነው።»

«እንግዲያው ይርገጥ» አለ መምህሩ፣ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ።

ጨዋታው ሁለት ሕግ አለው። ተኳሽ ዓይኑን ከወታደሩ እኩል ዝቅ አድርጎ ጠላቱን ማየት አለበት፤ ያልታየ አይመታም። ደግሞም ጥይት የሚሄደው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመለካቱ በፊት «ይደርሳል» ይባላል፤ ተለክቶ ከደረሰ የታለመው ይወድቃል፣ ካልደረሰ ተራው ይቃጠላል። ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ ድልድዩ ላይ ወታደር ያለው ያሸንፋል።

አዛዡ ቀዩን ሠራዊቱን ሲደረድር ጎባጣውን አየና «ሽማግሌም አሰለፍሽ?» አላት። ልጆቹ ሳቁ።

«ይደርሳል» አለ አዛዡ። ተለካ፤ ሠላሳ ሦስት። ተቃጠለ። እሷ ወንዙን አሻግራ አየች። ይቺ ርቀት የትንሽ ልጅ እጅጌ ናት፤ አርባ ሴንቲ ሜትር ትሆናለች ብላ በልቧ ለካች። ሳትተኩስ ወታደሮቿን አስጠጋች። በሚቀጥለው ዙር እንደገና አየች፤ አሁን የአንገት ዙሪያ ሆናለች፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ አንገት።

«ይደርሳል።»

ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ቀይ ወደቀ። እንደገና «ይደርሳል»፤ ሠላሳ፣ ልክ። አዛዡ አንገቱን አስግጎ በሜትሩ ራሱ ለካው፤ ያው ሠላሳ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሳቁ ቆመ። ከአራተኛው በኋላ አንዱ «ሜትር» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ እየደበደበ ሜትር፣ ሜትር ይል ጀመር። ስሙ የሷ መሆኑን የወደደችው ያኔ ነው።

አዛዡም ግን ቀላል ልጅ አልነበረም። ድልድዩ ላይ ያወጣቻቸውን አንድ በአንድ ጣላቸው። ስድስተኛው ዙር ላይ ድልድዩን የያዘላት ጎባጣው ብቻ ነበር። አዛዡ ሦስት ተኳሽ አቀረበ፤ ርቀቱ ይደርሳል። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አየ። በዚህ በኩል አየ። በዚያ በኩል አየ።

«የታለ?» አለ።

ቀጥ ብሎ የቆመ ወታደር ከድልድዩ የካርቶን ከለላ በላይ ጭንቅላቱ ይወጣል። ጎባጣው ግን ከከለላው በታች ነው። መምህሩም ጎንበስ አለ፤ መነጽሩን አስተካክሎ እንደገና አየ።

«አይታይም» አለ። «ጨዋታው አለቀ።»

ቀጮ እንዴት እንደዘለለ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ያንን ሁሉ ቁመት ይዞ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

አዛዡ እጁን ዘረጋላት። «ርቀቱን እንዴት ነው የምታውቂው ግን?»

«ሱሪ አሳጥራለሁ» አለችው።

«የወር ሰው ይበለን» ብሎ መምህሩ ሌላ ነገር ጨመረ፤ በሚቀጥለው ወር ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ አለ፤ እሷ አርባ ስምንት ወታደር ካሟላች ትወክለናለች አለ። ሲወጡ ቀጮ «ሃያ አራት ቀረሽ» አላት፣ በጎን እያያት። «ካርቶን የሚባል ነገር አላነሣም።»

«አታንሣ።»

ሱቁ ውስጥ አባቷ አዲስ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ ነበር። ፊቷን አይቶ ውጤቱን አልጠየቀም፤ ፈገግ ብሎ ማስመሩን ቀጠለ። ካውያውን ሰካች።

«አባባ፣ ባዶ ማጠንጠኛ ስንት አለን?»

«ለስንት ሰው?»

«ለሃያ አራት።»

ቆርቆሮውን በእግሩ ገፋ አደረገላት። በመንገዷ የገዛቻቸውን አዲስ ግራጫ ወታደሮች አንድ በአንድ በሰም ማጠንጠኛ ላይ አቆመች። ሃያ ሦስቱን መደርደሪያው ላይ ደረደረች። የመጨረሻውን ይዛ መጋል የጀመረውን ካውያ ትንሽ አየችውና፣ ወታደሩን ቀስ ብላ ጠጋ አደረገችው።