የይታገሱ ብልቃጦች

ሰብሊ ወተቱን አፍልታ ስትመጣ ባሏ ሞቶ ደረሰች። ፔርሙሱን በብብቷ ይዛ ከበሩ ላይ እንደ ቆመች፣ ነርሱ ሙጬ የይታገሱን ፊት በነጭ አንሶላ ሲሸፍን አየች። ጾሙ ሊገባ ሰሞን ጣቷን ጨበጥ አድርጎ «እየነቃ ነው» ያሰኛት ያ እጅ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠልጥሏል።

ነሐሴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በቅርቡ የተነሳ ስለሆነ ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። ኢንስፔክተር አይናለም ጭቃ በጠጣ ጫማዋ ወደ «ጸዳል» የግል ሆስፒታል ስትገባ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሁሉም የሚያየው የሟቹን ወንድም ባምላኩን ነበር።

«ገደሉት! ባጃጅ ተገልብጦበት ያልሞተ ወንድሜ እዚህ አልጋ ላይ ሞተ!»

«ማን ገደለው?» አለችው አይናለም።

«መድኃኒቱን የሚወጋው ይኼ ነርስ ነው፤ ወተቱን የምታፈላው እሷ ናት። ከሁለቱ አንዳቸው ናቸው!»

ሰብሊ ፔርሙሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከአከራይዋ ዘንድ የተወችው ጡት ያልጣለ ልጇ ታወሳት። ዛሬ ቢያስሯት ማን ያጠባዋል?

ባምላኩ ወንድሙን ከመስታወት ውጭ ሆኖ ነው የሚጠይቀው። ወደ ጽኑ ሕሙማኑ ክፍል የሚዘልቁት ሐኪሙ ክንፈሚካኤል፣ ሙጬ፣ ሰብሊና ይታገሱን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ እማሆይ ቻይነሽ ብቻ ነበሩ። እማሆይ አሁንም ከመስኮቱ ሥር ካለች ወንበራቸው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያገላብጣሉ።

«ዶክተር፣ ፖሊስ ያስጠሩት እርስዎ ነዎት። ምን አይተው ነው?»

ሐኪሙ እንደ ጥፍር ያነሱ ብልቃጦች አሳያት። «ጭንቅላቱ ከተጎዳ ሰው አንጎል ውስጥ እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ እናስገባለን። ከዚያ የምትወጣው ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለች እዚህ ትጠራቀማለች፤ መሣሪያው ስኳሯን ይለካል። አንጎል ያለ ስኳር አይኖርም። መብራት ሲቆራረጥ ስለሰነበተ ብልቃጦቹን በበረዶ ሳጥን አቆይቼ ዛሬ ነው የለካኋቸው። በመጨረሻው ውስጥ ስኳር የለም ማለት ይቻላል።»

«ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ኢንሱሊን። ከአደጋው በኋላ ስኳሩ አሻቅቦ ነበር።»

የሁሉም ዓይን ሙጬ ላይ አረፈ።

«ከታዘዘው ጠብታ አልጨመርኩም!» አለ ሙጬ። «የደም ስኳር መለኪያ ወረቀቱ አልቋል እያልኩ ስጮህ ከርሜያለሁ። ወተቱንም ይወስድ ነበር፤ በየጊዜው ባዶውን ብርጭቆ አይቻለሁ።»

«ሲወስድስ አይተሃል?»

«ሌሎች ሕሙማን አሉብኝ እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ባዶ ብርጭቆ ወተቱ የት እንደገባ አይናገርም» አለችና ካቴናውን አጠለቀችለት። ከዚያ ወደ ሰብሊ ዞረች። «አንቺስ?»

«አፍልቼ ስኳር ጨምሬ አመጣለሁ። ከዚያ ልጄን ላጠባ እሮጣለሁ። በአፍንጫው ቱቦ የሚሰጡት እማሆይ ናቸው።»

«በፍልሰታ፣ ወተት?»

«የነፍስ አባታችን ‹ለታመመ ጾም የለበትም› ብለውኛል።»

አይናለም ሌላ አልጠየቀችም። ወጥታ ሕንፃውን ዞረች። ሰብሊ በመስኮቱ ስታያት ዝናቡ ጀርባዋን እየመታት ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ የጉንዳን ሰልፍ ታያለች።

«ወንድሜ ሞቶ እሷ ጉንዳን ትጠብቃለች!» አለ ባምላኩ።

«ጉንዳን አይዋሽም፣ አቶ ባምላኩ» አለች አይናለም ውሃ እያንጠባጠበች ስትመለስ። «ይግቡ፤ ሁላችሁም ስሙ። ዶክተር፣ ኢንሱሊኑ ባንዴ በዝቶ ቢሆን ብልቃጦቹ ምን ያሳዩ ነበር?»

«ደህና ቆይቶ፣ ድንገት ገደል።»

«እነዚህስ?»

«ቀድሞ ወተት በወሰደ ቁጥር ስኳሩ ከፍ ይል ነበር። ከነሐሴ መባቻ ወዲህ ግን አንዴም ከፍ አላለም። እንደ ቁልቁለት መንገድ ዝም ብሎ ወርዷል።»

«በነሐሴ መባቻ መድኃኒቱም ነርሱም አልተለወጡም። የገባው ጾም ነው። ወተቱ እየመጣ፣ ብርጭቆው ባዶ እየሆነ፣ ከሰውየው ሆድ ግን አልደረሰም፤ ኢንሱሊኑ ስኳሩን በባዶ ሆድ ሲያወርድ ከረመ። ከዚህ መስኮት ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው በጣራው ክፈፍ ሥር፣ ወተቱ ግድግዳው ላይ ደርቋል፤ ስኳሩ ጉንዳኑን ጠርቶታል። ሰብሊ መድፋት ብትፈልግ ባላፈላችው። ሙጬም ቢሆን የእጅ መታጠቢያው አጠገቡ ነው፤ መስኮት ምን ያስከፍተዋል? በመስኮት የሚደፋ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጥ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማሆይ፣ ይታገሱ ፍልሰታን እንዴት ያዘው?»

«እንደ ወትሮው» አሉ እማሆይ፣ ሳይደነግጡ። «እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ገድፎ አያውቅም።»

«ወተቱስ?»

«ብመልስላት ታለቅሳለች ብዬ ደፋሁት። በቱቦው ጠበል ሰጠሁት። ሲነቃ ‹እማሆይ፣ ለምን አስገደፉኝ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

አይናለም የሙጬን ካቴና ፈታች። ሙጬ ነፃ የወጣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ባዶውን ብርጭቆ ያይ ጀመር። እማሆይ ብልቃጦቹን አዩ፤ ሐኪሙን አዩ። መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ።

«እንግዲያ… እኔ ነኝ?»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ለካቴናው ዘረጉ። አይናለም ግን ካቴናውን ኪሷ ከተተችው።

«ቃልዎን ይሰጣሉ፤ ሕጉም ያየዋል። ቀብሩ ግን ይቅደም።»

ለቀብሩ ወደ ጅጋ የሚወስዳቸው መኪና ግቢው ውስጥ ጥሩምባውን ነፋ፤ አስከሬኑን ይዘው ወጡ። ሰብሊ የምትናገረው ፈለገች፤ ክፉ ቃል ፈለገች። ብብቷን አንዳች ነገር ቆረቆራት፤ ፔርሙሱ ነው። የዛሬው ወተት ገና ትኩስ ነበር። ባዶው አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ መቁጠሪያውን ከወለሉ አነሳች፤ ይታገሱን አዝለው ያሳደጉትን ጎባጣ ሴት ክንዳቸውን ይዛ ደገፈቻቸው።

«ቀስ ይበሉ፣ እማሆይ» አለች። «ደጁ ያዳልጣል።»