ጋሼ ጀርመን ለቅሶ ቤት አያውቁም

ይርጉ መንገደኛ ወደ ተርሚናሉ ያመላልስበት የነበረው ያ አውቶቡስ አሁን የለም። በቦታው ድምፅ የማያሰማ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ገብቷል፤ ሲመጣም ሲሄድም አይታወቅም። ይርጉም ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ሆኖም ከዩለስ ከተማ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ባለፈ ቁጥር፣ ከሩቁ የመኪና ማቆሚያ ፊት ለፊት ሲደርስ እግሩ ሳያዝዘው ፍሬን ይነካል። ከኋላው ያለው ሾፌር ጡሩምባውን ያንባርቃል። ይርጉ አይቀየመውም፤ ሰውየው ምን ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሙቀቱ አስፋልት ሊያቀልጥ በደረሰበት በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነው። የዊልቸር ገፊዎችን ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ቀጭን ልጅ ተሳፈረች፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ወፍራም መጽሐፍ ከፈተች። ይርጉ በመስታወቱ አያት። ገጹ ላይ ነጭ ዊግ ያጠለቁ፣ ፊታቸው የከበደ ሽማግሌ ተስለዋል።

«ዘመድሽ ናቸው?» አላት በአማርኛ። ሀበሻ መሆን አለመሆኗን ለመጠየቅ ጊዜ አላባከነም።

ቀና አለች። «የፍልስፍና ክላስ ነው። ጀርመናዊ ናቸው።»

«ተቆጥተዋል።»

«ሰው ዋሽቷቸው ነው፤» አለች፣ ሳትስቅ።

ስሟ ፀደንያ ነበር። የደሴ ልጅ ናት፣ በዲቪ የመጣች። ቀን ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኛ ዊልቸር ትገፋለች፣ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። «ነርሲንግ ልገባ ነው፤ ሶ፣ መጀመሪያ ይኼን የሥነ ምግባር ኮርስ ማለፍ አለብኝ፤» አለችው። «በሽተኛ ከመንካቴ በፊት ጥሩ ሰው መሆኔን ማረጋገጥ ፈልገው መሰለኝ።»

ይርጉ የወልዲያ ልጅ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የተማረውን ሁሉ በራሱ ነው የተማረው። በማግስቱ ከዩለስ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሽማግሌው የተጻፈች፣ ለወጣቶች የተዘጋጀች ቀጭን መጽሐፍ ተዋሰ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው በስማቸው መጥራት ግን ድፍረት መሰለው። ስለዚህ «ጋሼ ጀርመን» አላቸው። ፀደንያም ተቀበለችው።

«ጋሼ ጀርመን ከተማቸውን ለቀው አያውቁም አሉ፤» አላት በሦስተኛው ቀን። «በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለእግር መንገድ ሲወጡ ጎረቤቱ ሰዓቱን በእሳቸው ይሞላ ነበር። ጎበዝ የአውቶቡስ ሾፌር ይወጣቸው ነበር።»

«አንተ አንብበህ ነው?»

«ሥዕሏን እያየሁ።»

ሳቀች። ይርጉ ያን ሳቅ ለመስማት ሲል በዚያው ሳምንት መጽሐፏን ሁለት ጊዜ ጨረሳት።

አውቶቡሱ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ይነሳል። አንድ ቀን ፀደንያ መኪናዋን ሩቅ ፓርክ አድርጋ እየሮጠች ስትመጣ ይርጉ በሩን ከፍቶ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቃት። ቁና ቁና እየተነፈሰች ተቀመጠች።

«ይኼ ግን ነውር ነው፤» አለችው።

«ምኑ?»

«ጋሼ ጀርመን ምን አሉ? ‹የምታደርገውን ነገር ሰው ሁሉ እንዲያደርገው ትፈቅዳለህ ወይ?› ነው ጥያቄው። እስቲ ሾፌር ሁሉ አንድ ደቂቃ ቢያቆምስ?»

ይርጉ መሪውን እያዞረ አሰበ። «ሾፌር ሁሉ ለሚወዳት ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ቢያቆም፣ ብዙ ሰው አውሮፕላን ያመልጠዋል። ግን ምክንያቱን ከነገሩት የሚቀየም ያለ አይመስለኝም።»

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው። እሷም ሰማች።  ከኋላ የተቀመጡ ባልና ሚስት እስከ ተርሚናሉ ድረስ ፓስፖርቱን ማን እንደያዘ ይጨቃጨቁ ነበር። ስትወርድ በመስታወቱ አየችውና «ነገም ልዘገይ እችላለሁ፤» አለችው።

እንዲህ ሆኖ ጥቅምት ገባ። እሑድ እሑድ ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ፤ ጋሼ ጀርመንም አብረዋቸው ይሄዳሉ ማለት ይቻላል።

«ይኼኛው ግን አልገባ ብሎኛል፤» አለችው አንድ እሑድ፣ መጽሐፏን ሣሩ ላይ ዘርግታ። «ነፍሰ ገዳይ በርህ ላይ ቆሞ ‹ጓደኛህ የት ገባ?› ቢልህ፣ ያኔም መዋሸት አይቻልም ይላሉ።»

«እኚህ ሰው ለቅሶ ቤት ሄደው አያውቁም።»

«ምን አገናኘው?»

«መርዶ እንዴት እንደሚነገር አያውቁማ! እኛ ሰው ሲሞትበት ወገን እስኪሰበሰብ፣ ምግቡ እስኪሠራ፣ ሽማግሌው እስኪመጣ ስንት ቀን እንዋሻለን? ‹ትንሽ አሟቸው ነው፣ አሁን ይሻላቸዋል› እያልን። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ይኼ ክፋት ነው?»

ፀደንያ መጽሐፏን ዘጋች። ጡረታ የወጡ መምህር አባቷ ደሴ ውስጥ ኩላሊታቸውን ከታመሙ ወራት አልፏቸው ነበር፤ በሰኔ ሄዳ ልታያቸው ቀን ትቆጥራለች።

«ይርጉ፣ እኔን ግን እንዳትዋሸኝ። ለደግም ቢሆን።»

«አልዋሽሽም።»

«ማል።»

«ጋሼ ጀርመን ይሙቱ!»

«ሞተዋል እኮ፤» ብላ በመጽሐፉ መታችው። ቃሉን ግን ተቀብላው ነበር፤ እሱም ከልቡ ነበር የሰጣት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚያው አካባቢ፣ ማኪኒ ከተማ የሚኖሩት አክስቷ እትዬ ኪዳነምሕረት ደወሉለት። የአባቷ ታናሽ እህትና የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው።

«ልጄ፣ አለህ? አጠገብህ ሰው አለ?»

«የለም፣ እትዬ። ምነው?»

«ወንድሜ አረፈ።» ጥቂት አለቀሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉና የሰብሳቢ ድምፃቸው ተመለሰ። «ቅዳሜ ጠዋት እናረዳታለን። ሐሙስ ፋይናል አላት፣ እሱን ትጨርስ። አንተ በየቀኑ ስለምታገኛት ፌስቡክ እንዳትከፍት አድርግ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አጫውታት!»

«እትዬ፣ እንዳልዋሻት ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል ነው ያልንህ።»

ይርጉ ዝም ማለትና መዋሸት ያላቸውን ርቀት ያን ጊዜ አላወቀውም። ዕድሜ ልኩን አንድ ሰፈር የሚኖሩ ነበር የሚመስሉት።

ረቡዕ ፀደንያ ስትሳፈር መጽሐፍ አልያዘችም። «አባዬ ስልክ አያነሳም። አክስቴን ኮል ሳደርግ ኔትወርክ የለም ትለኛለች። ኔትወርክ፣ ማኪኒ ውስጥ!» በመስታወቱ ዓይኑን ፈለገችው። «አንተ የሰማኸው ነገር አለ? አባዬ ደህና ነው?»

የትራፊክ መብራቱ ቀይ ነበር። ምነው አረንጓዴ በሆነ።

«ደህና ናቸው፤» አለ ይርጉ።

ትከሻዋ ወረደ፤ የያዘችው ትንፋሽ ወጣላት። አመነችው። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ትጠይቀው የነበረች ልጅ ይኼን አንዴ ብቻ ጠየቀች።

ሐሙስ ከፈተናው ወጥታ ስትሳፈር ስልኳ እጇ ላይ ነበር። ይርጉ ስለ አንድ መንገደኛ አወራላት፤ ሻንጣው ስለከበደበት ዘጠኝ ሸሚዝ ደራርቦ ተሳፈረ፣ ፍተሻው ጋ ደርሶ አንድ በአንድ ሲያወልቅ አውሮፕላን አመለጠው። ሰውየው በምድር ላይ የለም፤ እዚያው እየነዳ ነው የፈጠረው። ፀደንያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስልኩንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአፓርታማዋ ማዶ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ከመስኮት እንዳይታይ ተብሎ አሥራ አራት መኪና ፓርክ ተደርጓል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ድስት ይዘዋል። ይርጉ ከሁሉም ኋላ፣ የታሸገ ውኃ ካርቶን ተሸክሞ ቆሟል። በሩ ሲከፈት ፀደንያ ሽማግሌዎቹን አላየችም። በትከሻቸው አሻግራ እሱን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከማክሰኞ።»

በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ። ረቡዕ። «ሐሙስ ስቄያለሁ፤» አለች ቀስ ብላ። «አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ ሐሙስ ዕለት አሳቅኸኝ።» ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቷ የወጣው።

የለቅሶው ሳምንት ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ አውቶቡሱ ጋ መጣች። የፈተና ወረቀቷን ሰጠችው። ጥያቄው «በደግነት የሚነገር ውሸት ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነበር። አይፈቀድም ብላ ጽፋለች፤ ምክንያት ስትሰጥም «አንድ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ፣ ዋሽቶኝ አያውቅም» ብላለች። ሙሉ ነጥብ አግኝታለች።

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው፤» አላት።

«አውቃለሁ። ሁላችሁም ለእኔ ብላችሁ ነው። ግን እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ፈተናውን ልተወው ወይ ልፈተነው እኔ ነበርኩ የምመርጠው። ረቡዕ ዕለት የማልቀስ መብት ነበረኝ፣ ይርጉ። ወሰዳችሁብኝ። ሳቄን ደግሞ አፌን መዝጊያ አደረግኸው።»

ወረደች። ነርሲንግ ለመማር ሌላ ከተማ፣ ፎርት ወርዝ ገባች። ይርጉ ወረቀቱን አጥፎ ከፊቱ ካለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ሸጎጠው። ሦስት ዓመት እዚያው ቆየ። አውቶቡሱ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ተነሳ። ማንንም አልጠበቀም። ተቆጣጣሪዎቹ በሰዓት አክባሪነቱ ሰርተፍኬት ሰጡት።

በአራተኛው ዓመት መጋቢት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ተሳፈረች። ሻንጣ የላትም። የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ይርጉ በመስታወቱ አያት፤ ፀደንያ ናት።

«ሻንጣሽስ?» አላት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣለት ቃል ይኼው ነበር።

«የለኝም። የትም አልሄድም።»

ፊቷን አጠናው። የነርስ ፊት ነው፣ ይረጋል፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው መደበቅ አያውቅበትም። ወልዲያ ያሉት እናቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ እንዳላነሱ ትዝ አለው። ኔትወርክ ነው ብሎ ነበር።

«ፀደንያ፣ እማዬ...»

«ቆይ።» እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ። አልዋሽህም። ካልጠየቅከኝ ደግሞ አልናገርም፤ ቅዳሜ ወገኖችህ ተሰብስበው ይመጣሉ። መምረጥ ያንተ ነው። የፈለግከውን ምረጥ፣ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ይርጉ በሩን ከፍቶ ቆመ። አንድ ደቂቃ። ማንም እየሮጠ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ምን እየጠበቅን ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። 

ያን ረቡዕ፣ ቀዩ መብራት ላይ፣ እሱም እንዲህ ማለት ይችል ነበር። ከ«ደህና ናቸው» ብዙም አይረዝምም። ያኔ ግን አልመጣለትም፤ እሷ ሦስት ዓመት አስባበት፣ ለእሱ ይዛለት መጣች።

በሩን ዘጋ። አልጠየቀም።

ተርሚናሉ ጋ ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሷ ቀረች። አዲስ ሰው ተሳፈረ፣ ወረደ፣ እሷ አለች። በሦስተኛው ዙር የፀሐይ መከላከያውን ስታይ የታጠፈ ወረቀት ጫፍ ታያት፤ ምን እንደሆነ አወቀችው። ይርጉ እንባው በጉንጩ ላይ እየወረደ፣ መንገዱን እያየ፣ «ሰው ሁሉ እንዳንቺ ሻንጣ ሳይዝ ተሳፍሮ ሳይወርድ ቢቀር፣ ጋሼ ጀርመን ምን ይሉ ነበር?» አላት።

ፀደንያ አሰበችበት።

«አውቶቡሱ ይሞላል ይሉ ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ኪዳነምሕረት ከሽማግሌዎቹ ፊት ሆነው የይርጉን በር አንኳኩ። ፀደንያ ከኋላ፣ የውኃ ካርቶን ይዛለች። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ይርጉ ጥቁር ሹራብ ለብሷል። ከጀርባው ሶፋው ተነስቶ፣ ከጎረቤት የተለመኑ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ሃያ ሁለት ወንበር።

እትዬ ኪዳነምሕረት ወንበሮቹን አዩ። ወደ ኋላ ዞረው ፀደንያን አዩ። ከዚያ ወደ ይርጉ ተመለሱ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እትዬ፤» አለ ይርጉ። «አሁን ይንገሩኝ።»

ነገሩት። ወገኑ ሁሉ አጠገቡ ነበር፤ ፀደንያም ካርቶኗን አስቀምጣ ከጎኑ ባለው ወንበር ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልራቀችም።

ዛሬም አንዳንድ ቀን አብረው በዚያ መንገድ ያልፋሉ። የመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ሲደርሱ እግሩ ፍሬን ይነካል፣ ከኋላ ያለው ሾፌር ያንባርቃል።

«ሾፌር ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ...» ብላ ትጀምራለች ፀደንያ።

«ምክንያቱን ንገሪው፤» ይላታል።