ሦስት ሚሊ ሜትር

ኅዳር ወር ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 13 ቀን 2012፣ ማክሰኞ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቺዙሩ ፕሮቶን በተባለው ጨረር ለአምስተኛ ጊዜ ልትታከም ተራዋን ትጠብቃለች። አባቷን፣ ያንን አንድ ልጄን፣ የዋካሳ ባሕር ከነጀልባው ከወሰደብን ዓመት አልሞላም፤ እንባችን ሳይደርቅ እርሷን ደግሞ ጭንቅላቷ ውስጥ በስተኋላ ዕጢ በቀለባት። ለአንዲት ጎጆ ይህ ሁሉ ምን ይባላል?...

ሐኪም ቤቱ ልጆቹ እንዳይፈሩ ብሎ የራስ ማስደገፊያቸውን ልባስ ቤተሰብ እንዲሰፋ ይፈቅድ ነበር። እናቷ ማሳዮ ከስስ ጥጥ ሰፋችላት። እኔ ደግሞ ለማንም ሳልናገር ከቤተ መቅደሳችን ያመጣሁትን ክታብ እጥፋቱ ውስጥ ሸሸግሁ።

«አያቴ፣ ዛሬም እንደ ዓሣ በመረብ ሊይዙኝ ነው» አለችኝ ቺዙሩ፣ ፊቷ ላይ የሚታሰረውን ባለ ቀዳዳ ጭምብል እያሳየች። «አንተን ቢሆን ግን አፍንጫህ አይገባላቸውም!»

ማሳዮ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። ከዚያ ስለ ጨረሩ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ከኋላ ገብቶ ዕጢው ላይ ይቆማል» አላት። «ልኩ በሚሊ ሜትር ነው። መንገዱ ላይ ትንሽ ነገር ከተጨመረ ሳይደርስ ይቀራል። ስስ ጨርቅ ያልናችሁም ለዚሁ ነው።»

አራት ቀን ሙሉ ክታቤ መንገዱ ላይ ነበር! ብናገር ምራቴን አጣለሁ፤ ዝም ብል ልጅቷን... ነርሷ ስሟን ጠራች።

«አቁሙ! ጨርቁ ውስጥ ክታብ አለ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ማሳዮ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሐኪሙ የጎደለውን ለማስላት በውስጡ ያለውን ማየት ነበረበት፤ በእኛ ዘንድ ግን ክታብ አይፈታም፣ የፈታው ጥበቃው ይርቀዋል። ማሳዮ ከነርሷ ጠረጴዛ መቀስ አነሳች።

«ተይ፣ ልጄ፤ የሚመጣው በእኔ ይምጣ» ብዬ ቀማኋትና ፈታሁት። በውስጡ ስስ የእንጨት ሰሌዳ ነበር። ጨረሩን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አሳጥሮታል።

ልኩን አስተካክለው ሕክምናውን ቀጠሉ። ማሳዮ ግን ምግቤን እያቀረበች ቃል ነፈገችኝ። በሁለተኛው ዓመት ዕጢው ተመለሰ። ሐኪሙ «የተመለሰው በሌላ ወገን ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ቢለኝም ልቤ እሺ አላለኝም። ቺዙሩ በበረዶ ወራት ዐረፈች።

አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ እንደ ወጋችን አጥንቷን ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱን አጥንት አብረን በቀጫጭን የመመገቢያ እንጨቶች ቆንጥጠን ማንሳት ነበረብን። ከማሳዮ ጎን ማን ይቆማል? እኔ ከበሩ አጠገብ ተሸሽጌ ነበር።

«አባባ» አለችኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃሏ። «ብቻዬን አልችልም። ይምጡ፣ አብረን እንያዛት።»

ሄጄ እንጨቴን ከእንጨቷ ጋር አገናኘሁ፤ አብረን ያዝናት። ዕጣ ፈንታ የነጠቀውን አይመልስም፤ አንዳንዴ ግን የቀሩትን ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ሸምግያለሁና፣ ከቀኑም ሆነ ከነገሩ የሳትሁት ቢኖር የምታውቁ አርሙኝ።