ሁለት ጥቁር ንግሥቶች

ሮይስ ታኬት ከሞተ በኋላ አርባ ደቂቃ ፖከር ተጫውቷል።

ይህ ማጋነን አይደለም። በላስ ቬጋሱ «ኮፐር ሚዩል» ቁማር ቤት ደንብ መሠረት፣ ተወዳዳሪ ከእረፍት ባይመለስም ወንበሩ አይዘለልም። ካርታ ይታደልለታል፤ ተራው ሲደርስ የግዴታ መደቡ ፊቱ ካለው ቺፕ ይነሳል፤ ካርታውም ሳይገለጥ ይሰበሰባል። አዳይዋ ኢሜልዳ ደንቡን አክብራ ለባዶው ወንበር ካርታ ስትወረውርለት ቆየች። ሰውየው ግን በኋላው ደረጃ ግርጌ፣ ጭንቅላቱ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ነበር። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ የጮኸችው ጩኸት እስከ ውድድሩ አዳራሽ ድረስ ተሰማ።

መርማሪ ዴላ ማክሬይ ስትደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልሞላም። አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ ሰው ተንሸራትቶ ሲወድቅ ቁልፍ አይበጥስም። ቀና ስትል ከደረጃው ላይኛ እርከን ጥግ አንዲት ነገር ስታብረቀርቅ አየች፤ የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት፣ ቁጥር የተቀረጸባት የናስ መለያ። ተጫዋቾች አዳይዋ በስህተት ካርታቸውን እንዳትሰበስብባቸው እላዩ ላይ አንዳች ነገር ያስቀምጣሉ። የሮይስ ይህች ናስ ነበረች።

ዴላ ሳታስበው እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። የራሷ እዚያው ነበረች፤ ያው ናስ፣ ቁጥሯ ብቻ የተለየ። ሁለቱንም የሰጠው አንድ ሰው ነው።

«ጉዳዩ አልቋል» አለ ሳጅን ቦይድ፣ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ። «ሎሬታ ሳንዶቫል ትባላለች። ከእረፍቱ በፊት ሰውየው ላይ ስትጮህ፣ ‹ውጪ እንተያያለን› ስትለው መላው አዳራሽ ሰምቷል። ከዚህ በፊትም በድብድብ ሁለት ዓመት ታስራለች። አሁን ከገባች እዚያው ታረጃለች።»

«አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

«ዴላ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎትሽ ዌንደልም አለ።»

«አውቃለሁ። የሥጋ አጎቴ አይደለም። አንተም ስለዚህ ነው አጠገቤ የምትቆመው። እኔ ልሰማው የማልፈልገው ነገር ካለ አንተ ትሰማለህ።»

ዌንደል ፕሩት ማለት እንዲህ ነው፦ ካርታ አዳይ የነበረው የዴላ አባት ሲሞት፣ የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ወስዶ ያሳደጋት ሰው። ብስክሌት አላስተማራትም፤ ራሱም አይችልም። የጠረጴዛ ሥነ ሥርዓት ግን አስተምሯታል። ጨዋታው ሳያልቅ ስለ ካርታ አታውሪም። የጣልሽውንም ለማንም አትነግሪም። ያሸነፍሽውን ሰው አታላግጪበትም። የደረሰባት ነገር ሁሉ በእነዚያ ሕጎች የሚፈታ ይመስላት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ አራት ተጫዋቾች ቀርተው ነበር፦ ሟቹ ሮይስ፣ ሎሬታ፣ ዌንደል እና ዴክስ ሃሎራን የሚባል፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ወጣት። በእረፍት ጊዜ ሁሉም በየፊናው ተበትኗል፤ ስልኮቻቸው ከጠዋት ጀምሮ የውድድሩ ዳኛ ሚስተር ሃስከል ጋ ተቆልፈዋል።

ሎሬታ ወገቧን ይዛ ነበር የጠበቀቻት።

«አዎ! ሰዓት አስቆጥሬበታለሁ! ቶሎ ይወስን ብዬ ዳኛውን ጠርቻለሁ! አምስት ደቂቃ ሙሉ ካርታውን ትክ ብሎ ሲያይ ምን ላድርግ? ላግባው? ዶሮ እንኳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች!»

«አንቺ በዚያ ዙር ውስጥ ነበርሽ?»

«የኔን ካርታ ገና ድሮ ጥዬ ከዙሩ ወጥቻለሁ።»

«በዙሩ ውስጥ ሳትኖሪ ሰው ማጣደፍ ነውር አይደለም?»

«ሰዓት ማስቆጠር መብቴ ነው።» ወገቧን ለቀቀች። «መጮሁ ነውር ነው። እሺ። ከዚያ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ በርገር በላሁ። ብቻዬን። ምስክር አምጪ ካልሽኝ ሽንኩርቱን ጥሪው።»

ዴክስ መነጽሩን አላወለቀም።

«የት ነበርክ?»

«ውጪ። ማጨስ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአዳይዋ ጋ።»

«በሚቀጥለው ጥያቄ ሦስት ቃል ከተናገርክ ሞራልህ ይነካል?»

«አላውቅም» አለ ዴክስ። ስለ ማጨሱ ግን ውሸቱን አልነበረም፤ በሩ ላይ ያለው ካሜራ እሱንና ኢሜልዳን የእረፍቱን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያጨሱ ቀርጿቸዋል።

ኢሜልዳ ጣቶቿን እያፍተለተለች ነገሩን በቅደም ተከተል አወራች። ከእረፍቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዙር ላይ ዌንደል ብዙ ቺፕ ወደ መደቡ ገፋ። ዴክስ ወዲያው ጣለ። ሮይስ ሲያስብ ሲያስብ ቆየ፤ ሎሬታ ሰዓት አስቆጠረች፤ ሮይስም ካርታውን ሳይገልጥ ወደ አዳይዋ ገፋው። ዌንደል የሚገጥመው ሰው ስላልቀረ የራሱን ካርታ ማሳየት አላስፈለገውም። ኢሜልዳ ሁሉንም ቀላቅላ በወዘችው።

«የሮይስን አየሽው?»

«አዳይ የተጣለ ካርታ ገልጦ አያይም፣ እመቤቴ። እጄ ይቆረጥ።»

«ዌንደል ሲገፋ የተናገረው ነገር አለ?»

«ሚስተር ዌንደል የማይናገርበት ጊዜ አለ እንዴ? ግን ደንብ አልጣሱም፤ ስለ ካርታው ትንፍሽ አላሉም። ያንኑ ስለ አማታቸው ውሻ የሚቀልዱትን ቀልድ ነው የቀለዱት። ዛሬ ብቻ ለአራተኛ ጊዜ። ማንም አልሳቀም።»

ዌንደል መጠጥ ቤቱ አጠገብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ነይ የኔ ቁንጫ። ሠላሳ ዓመት፣ ዴላ። ከሮይስ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረን ተቀምጠናል።»

«አጎቴ፣ በእረፍቱ የት ነበርክ?»

«ዕድሜዬን ታውቂያለሽ፤ መጸዳጃ ቤት ነዋ! ከጠረጴዛው ስንነሳ ትከሻውን መታ አደረግሁት፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«አንድም ቃል አልተነጋገራችሁም?»

«አንድም። ያቺ ሴትዮ ግን…» ራሱን ነቀነቀ። «ልፈርድባት አይደለም። ግን አስቢው። ሰው እነዚያን ሁለት ጥቁር ንግሥቶች ይዞ ነፍሱ ስትጨነቅ ሰዓት ይቆጠርበታል? ሮይስ እየነደደ ነው የወጣው። ሊጋፈጣት ሄዶ ይሆናል። ጠንካራ ሴት ናት፤ ገፋ ስታደርገው…»

«ይሆናል» አለች ዴላ። ፊቷ አልተለወጠም፤ ያንንም ያስተማራት እሱ ነው። ቦይድን ዞር ብላ ስታየው ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነበር። ምን እንደጻፈ አልገባውም ይሆናል፤ ግን ጽፎታል።

በቀጥታ ሚስተር ሃስከል ጋ ሄደች። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር፣ በእያንዳንዱ ወንበር ፊት፣ የተጫዋቹን ካርታ የምታይ ትንሽ ካሜራ አለች። ቅጂው ውድድሩ አልቆ እስኪተላለፍ ድረስ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል፤ ዳኛው ራሱ እንኳ አያየውም። ሃስከል ካዝናውን ከፈተላት። ዴላ ከእረፍቱ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ዙር አየች። ከዚያ ወደ ጠዋቱ ተመልሳ ሌሎች ሦስት ዙሮችን አየች። ስትጨርስ «የሆነ ሰው መሳሳቴን ቢያሳየኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ሁሉንም በየወንበራቸው አስቀመጠቻቸው። ኢሜልዳ በአዳይ ቦታ፣ የሮይስ ወንበር ባዶ፣ ቺፑ እንደተደረደረ። ቦይድ ከሎሬታ ጀርባ ቆሟል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች ዴላ። «ሮይስ የጣለው ካርታ ምን ነበር? ገምቱ። ሎሬታ?»

«ንጉሥና አሥር። ቢበዛ ጥንድ ዘጠኝ።»

«ዴክስ?»

«ጥንድ አሥር።»

«ኢሜልዳ?»

«አዳይ አይገምትም።»

«ጥንድ ንግሥት ነው ብላችሁስ?»

ሎሬታ ሳቀች። «ንግሥት? አራት ሰው በቀረበት ጠረጴዛ ጥንድ ንግሥት የሚጥል ሰው ሐኪም ይየው!»

«ንግሥቶች ናቸው። ካሜራው አለ። ሁለቱም ጥቁር።»

ዌንደል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ማሽከርከሩን አቆመ።

«ሳጅን፣ ከሃምሳ ደቂቃ በፊት ሚስተር… አጎቴ ዌንደል የነገረንን አንብብልን።»

ቦይድ ደብተሩን ገለጠ። «‹ሰው እነዚያን ሁለት ጥቁር ንግሥቶች ይዞ ነፍሱ ስትጨነቅ…›» ድምፁ መጨረሻው ላይ ዝግ አለ። አሁን ገባው።

«ገምቼ ነዋ!» አለ ዌንደል። «ሃምሳ ዓመት ሰው ሳነብ ኖሬያለሁ!»

«ንግሥት መሆኑን ልትገምት ትችላለህ፤ ማንም ባይገምተውም። ቀለሙን ግን ከሰው ፊት ላይ ማንም አያነብም። አንተ የተቀመጥከው ከሮይስ ፊት ለፊት፣ በጠረጴዛው ማዶ ነው፤ ካርታውን ልታይ አትችልም። ካርታው አልተገለጠም፣ ተበውዟል፣ ቅጂው ካዝና ውስጥ ነበር። ስለዚህ የሚያውቀው ሮይስ ብቻ ነው። ሮይስ ነገረህ። ከጠረጴዛው ከተነሳችሁ በኋላ አንድም ቃል አልተነጋገርንም ብለሃል።»

«ለሌላ ሰው ነግሮ፣ እሱ ነግሮኝ ቢሆንስ?»

«ማን ነገረህ? ስሙን ጥራ።» ጠበቀች። ዌንደል አልጠራም።

«ሮይስ ጨዋታ ሳያልቅ የጣለውን ካርታ በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም» ብላ ቀጠለች። «ዛሬ ለምን ተናገረ? መጀመሪያስ ለምን ጣለው? ቅጂውን አየሁት። ዛሬ አራት ጊዜ የአማትህን ውሻ ቀልድ ቀለድክ። አራቱንም ጊዜ ጥንድ ንጉሥ ወይም ከዚያ በላይ ይዘህ ነበር። አራቱንም ጊዜ ዴክስ ደህና ደህና ካርታ ይዞ ወዲያው ጣለ። ለጠረጴዛው ቀልድ ነው፤ ለዴክስ ግን ‹ውጣ፣ ቺፕህን አታባክን› ማለት ነው። ሁለት ሰው እንደ አንድ ሰው ተጫውታችኋል።»

ዴክስ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ የልጅ ዓይኖች ነበሩ። «ሰው ስለመግደል አላወራንም» አለ። በዚያ ቀን የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር።

«አምስቱ ደቂቃ የካርታ ሐሳብ አልነበረም» አለች ዴላ ለሎሬታ። «ሮይስ የሠላሳ ዓመት ጓደኛው አታላይ መሆኑን ማመን አቅቶት ነበር። ንግሥቶቹን የጣለው ንጉሥ እንደተያዘበት ከቀልዱ ስላወቀ ነው። ከዚያ ዌንደልን ደረጃው ላይ ወስዶ ነገረው፤ ማስረጃውም የጣላቸው ሁለት ጥቁር ንግሥቶች ናቸው።» የሮይስን የናስ መለያ ከነማስረጃ ከረጢቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «ይህች ላይኛው እርከን ላይ ነበረች፤ አስከሬኑ ግርጌው ላይ። ከኪሱ ብትወድቅ አብራው ትወርድ ነበር። ሮይስ ቆሞ ሳለ ነው ከእጁ የወጣችው። ሰው እንዲህ ያለ ስጦታ የሚመልሰው ለሰጠው ሰው ነው። ለእሱም ለእኔም የሰጠኸን አንተ ነህ።»

ዌንደል ናሷን ረጅም ጊዜ አያት።

«ለሃስከል ከእረፍት በኋላ እነግረዋለሁ አለኝ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «‹ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ› አለኝ። ይሄንን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ዞረ። ጎትቼ ላስቆመው ነበር፣ ዴላ። ናሷን ጥዬ ሸሚዙን ያዝኩት። ቁልፎቹ ተበጠሱ፣ እኔም… ከዚያ ገፋሁት። ስሜን ነበር ይዞብኝ የሚሄደው። ስሜን!»

«ሎሬታስ? ካቴናው ሲገባባት ቁጭ ብለህ ልታይ ነበር?»

«ማስረጃ የለም ብለው ይለቋት ነበር።»

«ማስረጃውን አንተ ነህ እኮ የምትሠራላቸው! እኔ ፊት! እኔን መሣሪያ አድርገህ!» የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች በዚህ ሰው ጉልበት ላይ ሆና የሰማቻቸው ሕጎች ሁሉ ለአፍታ ጆሮዋ ላይ ጮሁ፤ ያስተማራት ሰው እያንዳንዱን እያወቀ ሲሰብር እንደነበር ስታስብ ደግሞ ዝም አሉ።

«የኔ ቁንጫ…»

«ሚስተር ፕሩት» አለች ዴላ። «ይነሱ።»

ዌንደል ካቴናው ሲገባበት አልደነገጠም። «ይነሱ» ስትለው ግን ፊቱን በጥፊ የተመታ ሰው ፊት አስመሰለው። ቦይድ ዌንደልንም ዴክስንም ይዞ ወጣ።

ሃስከል ጉሮሮውን ጠረገ። ያታለሉ ተጫዋቾች ከውድድሩ ይወጣሉ፤ ቺፓቸውም ይነሳል። የቀሩት ሎሬታና ባዶው ወንበር ናቸው። ሮይስ ከውድድሩ አልወጣም፤ ቺፕ አለው።

«ደንቡ…» አለ ሃስከል፣ አፍሮ።

«ደንቡን እናውቀዋለን» አለች ሎሬታ። ወንበሯን ሳበች። «አድዪው፣ ኢሜልዳ።»

ኢሜልዳ ለሎሬታ ሁለት፣ ለባዶው ወንበር ሁለት ወረወረች። እንደ ደንቡ የሟቹን ካርታ ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። ዴላ ቀደመቻት። የሮይስ ናስ ማስረጃ ስለሆነች መነካት የለባትም፤ የራሷን፣ በዘጠኝ ዓመቷ የተሰጠቻትን፣ ከኪሷ አውጥታ ካርታዎቹ ላይ አስቀመጠቻት።

የኢሜልዳ እጅ አየር ላይ ቆመ። መጠበቂያ የተጫነበትን ካርታ አዳይ አይነካም።

«ስንት ጊዜ ይሰጠው?» አለ ሃስከል በሹክሹክታ።

ሎሬታ ወንበሯን ደገፍ አለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።

«የፈለገውን ያህል» አለች። «ዛሬ ሰዓት አላስቆጥርም።»